በሃያ ባቄላ ቤት ማስተዳደር

ሐዘን የገባበት ቤት ምን ምን እንደሚደርስበት አስቀድመው የሚነግሩ ሴቶች በሰፈራችን አሉ። እንቅልፍ ይጠፋል አሉኝ፤ ጠፋ። ወጥ ያርራል አሉኝ፤ አረረ። ቁልፍሽን ጨው ዕቃ ውስጥ ታገኚዋለሽ አሉኝ፤ እውነትም እዚያው አገኘሁት። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ባሌ በሞተ በአሥራ አንደኛው ወር፣ ከሉ ገና ከላዬ ሳይወርድ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር የተነሣሁት ፎቶ «በግልጽ የተመካከሩ ባልና ሚስት» ተብሎ ባንክ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። አንድ መስመር እጽፍና ምድጃው ላይ ያለውን ለማየት እነሣለሁ። ሌላውን እጽፍና ያለ ምክንያት እስከ በር ሄጄ እመለሳለሁ። ያለ ምክንያት ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ አያሌው በዚህ ሰዓት ነበር የሚመጣው።

አያሌው የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሞ ተጓዘ። «ወደ ውስጥ ግቡ! ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!» ሲል ውሎ ድምፁን እዚያው ጨርሶት ስለሚመጣ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ጎረቤቶቻችን «እነዚህ ባልና ሚስት ተጨቃጭቀው አያውቁም» እያሉ ይቀኑብን ነበር። እንጨቃጨቅ ነበር እንጂ! እሱ ድምፅ ስላልነበረው ነው ያልሰሙት፤ እኔ ደግሞ በሹክሹክታ ለሚናገር ሰው ጮሄ መመለስ አፍር ነበር።

ልጃችን ሶስና አምስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ዘንድሮ ከአንድ ባንክ ጋር ተዋዋለና ልጆቹን የገንዘብ አያያዝ ማስተማር ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን ከባንኩ አንድ ክራባት ያሰረ ልጅ ይመጣል፤ ያስተምራል፤ ይሄዳል። የመጀመሪያው ትምህርት «አስፈላጊ» የሚባለውን ነገር «ፍላጎት» ከሚባለው መለየት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ኦዲተር ገባበት።

«እማዬ፣ ሽንኩርት አስፈላጊ ነው ወይስ ፍላጎት?»

«ወጥ ትበያለሽ አትበይም?»

«እበላለሁ።»

«እንግዲያ አስፈላጊ ነው።»

«ሦስት ራስ ግን ፍላጎት ነው። በሁለት ይበቃል።»

እንዲህ እያለች መብራቱን ታጠፋለች፣ ሳሙናውን ለሁለት ትቆርጣለች፣ የሻይ ስኳሬን በማንኪያው ጀርባ ትለካለች። ጨዋታ ነው ብዬ ተውኳት። አንድ ቀን ግን ደብተሯን ይዛ በሩ ኋላ የተሰቀለው የአባቷ ካፖርት ፊት ቆመች።

«ይሄስ?» አለችኝ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ለዓይኔ ማሳበቢያ አላጣሁም። ትንሽ ጠበቀችኝና በራሷ «አስፈላጊ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ለወላጆች የቤተሰብ በጀት ሥልጠና አለ፤ ወላጁ የተገኘለት ተማሪ አሥር ማርክ ያገኛል ይላል። እኔ አያሌው ከሞተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከወፍጮ ቤት በቀር ሰው የሚሰበሰብበት ደርሼ አላውቅም። ሶስና ግን ደብዳቤውን ይዛ ከፊቴ አልሄድ አለች።

«አሥር ማርክ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«አስፈላጊ ነው ወይስ ፍላጎት?» አልኳት።

አልሳቀችም። ሄድኩ።

ሥልጠናው የተደረገው ልጆቹ በሚማሩበት ክፍል ነው። ትልልቅ ሰዎች በትንንሽ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ ጉልበታችን ጆሯችን አጠገብ ደረሰ። አሠልጣኙ ጢሙን ገና በቁጠባ የሚያበቅል ወጣት ነው። አባቶች ያለ እናቶች፣ እናቶች ያለ አባቶች እንደመጡ ሲያይ ተጨነቀ፤ ሥልጠናው ለባልና ሚስት የተዘጋጀ ነው ለካ። ጥቂት አሰበና እጁን አጨበጨበ።

«ችግር የለም! ዛሬ እኔ አጋባችኋለሁ! ባለትዳር ያልሆነ ወላጅ ካለ ግን እጁን ያውጣ፤ ለብቻው ይሠራል።»

አንድ ሰውዬ ከኋላ እጁን አወጣ። እኔ አላወጣሁም። ልዋሽ ብዬ አይደለም። እጄን ጭኔ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ሊነሣ አልፈለገም። ባሌ ሞቷል ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ለቀበሌ ተናግሬያለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ማመልከቻ ጽፌያለሁ። «ባለትዳር አይደለሁም» ብዬ ግን በአፌም በእጄም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አንድ አይደሉም።

ጥቁር ለብሻለሁ፤ ልጁ ያንን እንኳ ማየት ነበረበት ትሉ ይሆናል። በዛሬ ጊዜ ሚዜም ጥቁር ይለብሳል። ፋሽን መስሎት ይሆናል፤ አልፈርድበትም።

አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለ ቆጠረንና ለኔ የሶስና ክፍል ልጅ የናሆም አባት ደረሱኝ። አቶ ደምሰው ይባላሉ፤ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ናቸው፣ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው የሚያቃኑ። ሚስታቸው ቤሩት ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ እሳቸውም ባለትዳር፣ እኔም ባለትዳር፤ ሁለታችንም ጋ የጎደለው አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለየቤተሰቡ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ አንድ ማርከርና ሃያ ፍሬ ባቄላ ታደለ። ባቄላው የወር ገቢያችን ነው። ወጪያችንን ወረቀቱ ላይ እንጽፋለን፣ ከጎኑ የሚገባውን ያህል ባቄላ እናስቀምጣለን፣ ባቄላው ያረፈበትን በማርከር እንከብባለን። ሃያው ሲያልቅ ወሩም አለቀ። ባቄላ ስለማለቁ አንድ የታወቀ ተረት አለ፤ ሐዘን ላይ ስለሆንኩ እኔ አላነሣውም። ከኋላ የተቀመጡት ግን አነሡት፤ ክፍሉም በሳቅ ተናወጠ።

«እርስዎ ይጻፉ» አሉኝ አቶ ደምሰው። «የኔ እጅ መዶሻ እንጂ ማርከር አይዝም።»

ጻፍኩ። የቤት ኪራይ፣ አምስት። ጤፍ፣ አራት። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሦስት። እስከዚህ ተስማማን።

«ለስልክ ካርድ ሦስት ያድርጉ» አሉ።

«ሦስት? ለማን ነው የሚደወለው?»

«ለቤሩት ነዋ።»

«የዚህ ቤት ሚስት እኔ ነኝ አይደል? ታዲያ ቤሩት ማን አለችዎት?»

ከዚህ አፍ ይህ ቃል እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ «እግዜር ያጽናሽ» ሲባል «አሜን» ከማለት በቀር ያልሠራ አፍ ነው። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞሩ።

«ሴትዮ፣ ከገባሽ ገና ሩብ ሰዓትሽ ነው» አሉ አቶ ደምሰው፤ «ቅናት ጀመርሽ?»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ አምስት ባቄላ ኪራይ ከፍዬ አንተ ሦስቱን በወሬ ልትጨርሰው?»

ሁለት አደረግኩት። ትራንስፖርት ሁለት፣ ዘይትና ሽንኩርት ሁለት፣ እድር አንድ፣ ቁጠባ አንድ። ሰዉ ሥራውን ትቶ እኛን ከበበን። «በላት!» ይላል አንዱ፤ «እሷ ናት ትክክል!» ትላለች ሌላዋ። እኔ ከማን ጋር እንዳለሁ ረስቼ ነበር። ጮሄ መጨቃጨቅ ደስ የሚል ነገር ኖሯል። ሃያ ሁለት ዓመት በሹክሹክታ ያስቀመጥኩት ሁሉ መጣ።

«ጫማህስ?» አልኩ። «በየሁለት ወሩ ሶል! ያውም የቀኙን ብቻ! አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር በቀኝህ ትደገፋለህ፤ ግራህ ለመቼ ነው የተሰጠህ? ስንቴ ነገርኩህ!» እያልኩ ጻፍኩት፦ የቀኝ ጫማ ሶል። «ለጉሮሮህ ማር አለ። ለእናትህ አለ፤ የእናትህን ወር አሳልፈህ አታውቅም።» እነሱንም ጻፍኩ። ከዚያ ባቄላ ላነሣ እጄን ስሰድ ዴስኩ ባዶ ነው።

አቶ ደምሰው ጫማቸውን አዩ። ሁለቱም ጫማዎች እኩል ያረጁ ናቸው።

«የኔ ሁለቱም ናቸው የሚያልቁት» አሉ በቀስታ። ከዚያ ቀና ብለው ነጠላዬን አዩ፣ ቀሚሴን አዩ፤ ጥቁር፣ ጥቁር። ወደ ጎን ዴስክ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ።

«ወንድሜ፣ ሦስት ባቄላ አበድረኝ።»

«ብድር የለም!» አለ አሠልጣኙ ከወዲያ ማዶ። «ትምህርት አንድ ላይ ምን ብለን ነበር?»

«የቤት ጉዳይ ነው፣ አንተ ልጅ!» አሉት።

ሦስቱን ባቄላ አንድ በአንድ አስቀመጡልኝ፤ እኔም ከበብኳቸው።

አሠልጣኙ መጥቶ ቆጠረና ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ከታች እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «ወጪ ሃያ ሦስት። ገቢ ሃያ። አንድ ነገር ይቀነስ።» በጀታችን ወደቀ ማለት ነው። ነገር ግን በመጨረሻ በግልጽ የተመካከሩ ባልና ሚስት በጭብጨባ ይመረጡ ሲባል ክፍሉ በሙሉ ለኛ አጨበጨበ። ከመጨቃጨቃችን የተነሣ እውነተኛ መሰልናቸው። ወረቀቱን በሁለት ጫፍ ይዘን ፎቶ ተነሣን። ሽልማቱ ትልቅ ጃንጥላ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ጃንጥላ። እኔ አልፈልግም ብዬ ለአቶ ደምሰው ትቼው ወደ ልጄ ሮጥኩ።

ሶስና አሥር ማርኳን አገኘች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ወርቄ መጡ። እትዬ ወርቄ የእድራችን ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ የለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተከል እሳቸው ተተክለው የሚገኙ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆሙ።

«የሶስና እናት፣ ቆመሻል ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያ ተቀመጪ።» እሳቸውም ተቀመጡ። «ዛሬ ጡረታዬን ልቀበል 18 ማዞሪያ ባንክ ሄጄ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ግድግዳ ያያል። እና አሁን እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ ወይስ እግዜር ያጽናሽ?»

ነገሩ ሲገባኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር እየባሰ ሄደ።

«ባንኩ ነው ያጣመረን፣ እትዬ ወርቄ። ለሥልጠና ነው።»

«ማን አጣመራችሁ?»

«የባንኩ ልጅ።»

«በሽማግሌ ነው?»

«ኧረ በባቄላ ነው! ሃያ ባቄላ ሰጠንና…»

«ጥሎሹ ባቄላ ሆነ?» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ ሰው አላማም፣ የሶስና እናት። ሴት ልጅ ብቻዋን አትኖርም፤ አውቃለሁ። ግን ዓመቱ ቢሞላስ ምን ነበረበት? ደግሞ አትስጊ፤ የአያሌው እናት እንዳይሰሙ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ለእህታቸው ልጅ ብቻ ነው የነገርኳት።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ስለ እማማ ጥሩ ሳልነግራችሁ መቀጠል አልችልም። የአያሌው እናት ጎጃም ነው የሚኖሩት። አያሌው ብቸኛ ልጃቸው ነበር። ሠልስቱ ወጥቶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሩ ላይ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ከእንግዲህ ልጄን አደራ አልልሽም፤ እሱ አልፏል። ዓመቱን ብቻ ጠብቂልኝ። ሙት ዓመቱ ዕለት መጥቼ ከሉን በእጄ አወልቅልሻለሁ።» ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ቤት አልጠየቁኝም፣ ዕቃ አልጠየቁኝም። አንድ ዓመት ብቻ። እኔም አሥራ አንድ ወር ጠበቅሁና በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በባቄላ አጠፋሁት። እሳቸው ይህን ካመኑ እኔ የአያሌው ሚስት መሆኔ የሚቀረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ባንኩ ደጃፍ ሳይከፈት ደረስኩ። ፎቶው ከገንዘብ ከፋዮቹ መስኮት በላይ ተሰቅሏል። አፌን ከፍቼ፣ ጣቴን በአቶ ደምሰው ላይ ቀስሬ፣ ደስ ብሎኝ እታያለሁ። ሊካድ አይችልም፤ ደስ ብሎኛል። ከጎኑ ወረቀቱ ራሱ ተለጥፏል፣ ከሃያ ሦስት ክቦቹ ጋር።

«አውርዱልኝ» አልኳት የቅርንጫፉን ኃላፊ።

«ምን ችግር አለው፣ እናቴ? ያምራል እኮ።»

«ባልና ሚስት አይደለንም።»

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። «አሁን ተጣልታችሁ ነው?»

«ድሮም አይደለንም!»

«እሱን ፍርድ ቤት ነው የሚያየው» አለች በትሕትና። «እኛ ፎቶ ብቻ ነው የምናወርደው። እሱም የሁለታችሁ ስለሆነ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ መጥታችሁ መፈረም አለባችሁ።»

ከባሌ ጋር ለመጋባት አንድ ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ካልተጋባሁት ሰው ለመለየት ሁለት ምስክር ሊጠይቁኝ ምንም አልቀራቸው።

ታክሲ ይዤ አየር ጤና ወረድኩ። አቶ ደምሰውን ጋራዡ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሥር ተኝተው አገኘኋቸው፤ እግራቸው ብቻ ይታያል። ጉዳዩን ለእግራቸው ነገርኩት። ከሥር ወጥተው ግራሶ በነካው እጃቸው ግንባራቸውን ያዙ።

«እኔ ጋም ደርሷል» አሉ። «አንዱ የተረገመ ፎቶውን በስልክ ቤሩት ልኮላታል።»

ይህን ሲሉ ስልካቸው ጠራ። አነሡ፤ አዳመጡ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከዚያ ስልኩን ወደኔ ዘረጉ። «እርስዎን ትፈልጋለች።»

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«እህቴ፣ የጋራዡ ሙሽራ አንቺ ነሽ?»

«በእመቤቴ ይሁንብኝ፣ እኔ…»

«ተይ ተይ፣ ሁሉንም ነግሮኛል፤ ባለቤትሽን ነፍስ ይማር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እሱ ለስልክ ሦስት ባቄላ ሲል ለምን ሁለት አደረግሽው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሦስተኛዋን መልሺልኝ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ረዘመ። መጨረሻው ላይ ሳቅ አልነበረም። አቶ ደምሰው ዞር ብለው ያልተበላሸ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ጀመሩ።

አብረን ወደ ባንኩ ሄድን። አቶ ደምሰው ጃንጥላውንም ይዘው ነበር፤ የእርስዎም ድርሻ አለበት ብለው ሊያስረክቡኝ። ፈረምን። ፎቶው ወረደ፤ ወረቀቱንም ጠቅልላ ሰጠችኝ። እፎይ ብለን በሩ ላይ ስንወጣ የበልግ ዝናብ እንደ ድንጋይ ወረደብን። ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው እቅፌ ውስጥ ከተትኩት። አቶ ደምሰው ጃንጥላውን ዘረጉት። ያን የሚያህል ጃንጥላ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ዙሪያውን በትልልቅ ፊደል «አብረን እንቆጥብ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ ገብተን መንገድ ተሻገርን።

ማዶ፣ ከኪዮስኩ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ የተጠለሉት ሴት እትዬ ወርቄ ነበሩ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ከከንፈራቸው ግን አነበብኩት። «እኔ ሰው አላማም።»

እማማ ጥሩ ሙት ዓመቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መጡ። ዋዜማውን ነበር የምጠብቃቸው። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ስልቻቸውን ይዘው፣ አቧራቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። አልከለከሉኝም፤ ራሴን ግን አልዳሰሱኝም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ውኃ አቀረብኩላቸው። ተቀበሉና ሳይቀምሱት መሬት ላይ አስቀመጡት።

የዚያን ብርጭቆ ነገር ዛሬም አልረሳውም። ከጎጃም ድረስ ተጉዘው የመጡ፣ ከንፈራቸው የደረቀ አሮጊት ናቸው። ውኃዬን አልጠጡም።

«ሰማሁ» አሉ።

«እማማ፣ ባንኩ…»

«ባንክ ነው አሉኝ።»

«ባቄላ ሰጡንና…»

«ባቄላም አሉኝ።» ወደ መሬት አዩ። «አልረግምሽም፣ ልጄ። ዓመቱን ብቻ ነበር የለመንኩሽ።»

ያ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት የጮኸው አፍ፣ ለሚያስፈልግበት ቀን አንድ ቃል አላስተረፈም። ቁጠባ የሚባለውን ለካ በዚህም አላውቅበትም።

ሶስና ከጓዳ ወጣች። ወረቀቱን ይዛለች። በትምህርት ቤት ቋንቋ ማስረጃ ይባላል። መሬት ላይ ዘረጋችውና አራቱን ጫፍ በአራት ኩባያ አስያዘችው፤ እሷም አጠገቡ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ላንብብልዎት?»

እማማ ጥሩ ዝም አሉ። ሶስና ዝምታን እንደ ፈቃድ የምትቆጥር ልጅ ናት።

«የቤት ኪራይ፣ አምስት። ጤፍ፣ አራት። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሦስት። ለቤሩት ስልክ፣ ሁለት።»

«ቤሩት ማን አለ?» አሉ እማማ።

«የሰውዬው ሚስት» አልኩ።

«ሚስት አለው?»

«አለችው።»

መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ አሳለፉ። ሶስና ቀጠለች። «ትራንስፖርት፣ ሁለት። ዘይትና ሽንኩርት፣ ሁለት። እድር፣ አንድ። ቁጠባ፣ አንድ። የቀኝ ጫማ ሶል፣ አንድ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«የቀኝ ጫማ ሶል።»

እማማ ከአግዳሚው ጫፍ ጎንበስ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጽሑፉን አዩት። «ተማሪ ቤት ሲሄድም ቀኙን ነበር የሚጨርሰው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ግራው እንደ አዲስ ይጣል ነበር።» መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ቀጥይ።»

«ማር፣ ለጉሮሮ፣ አንድ።»

«ማር?» ወደኔ ዞሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ፊቴን ያዩት ያኔ ነው። «እኔ እልክለት አልነበረም እንዴ? ከዚህ ምን ያስገዛዋል?»

«ይልኩ ነበር፣ እማማ። ለሾፌሩ ይሰጠዋል። “እሱም ጉሮሮ አለው” ይላል።»

«ያ ሞኝ» አሉ። «ያ ሞኝ ልጄ።» የፊታቸው መሥመር ሁሉ ተንቀሳቀሰ።

«ለእናቱ፣ አንድ» አለች ሶስና።

ሶስና የተጻፈ ነገር ሳታነብ ማለፍ አትወድም፤ የቀዩንም አነበበችው። «ወጪ ሃያ ሦስት። ገቢ ሃያ። አንድ ነገር ይቀነስ።»

«ማን ነው ይቀነስ ያለው?» አሉ እማማ ጥሩ።

«አሠልጣኙ።»

«ወልዷል?»

«ገና ልጅ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«እንግዲያ ይማራል።»

ስልቻቸውን ወደራሳቸው ሳቡ። ለሙት ዓመቱ ብለው ከጎጃም የተሸከሙት እህል ነው። አፉን ፈቱ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ፤ እፍኝ ባቄላ አወጡ። መዳፋቸው ላይ በተኑትና መረጡ። አንዱን ነቀዝ ነክቶት ስለነበር መለሱት። ሦስት ሙሉ ሙሉ ፍሬ ለዩና ከአግዳሚው ወርደው ወረቀቱ አጠገብ፣ ከልጃቸው ልጅ ጎን፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሦስቱ የት የት ናቸው?»

ሶስና በጣቷ አሳየቻቸው። አንዱን ሶሉ ላይ አኖሩ። አንዱን ማሩ ላይ አኖሩ። ሦስተኛውን ጥቂት ይዘውት ቆዩና እሱንም ቦታው አኖሩት።

«ይኸው» አሉ። «የሱን እኔ እችላለሁ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፤ ከዚህ ቤት ማንም አይቀነስም።»

ከዚያ በኋላ ውኃውን አነሡ።